ኮራሉ ሰማያዊ ብቻ ሆኖ ወጣ? ካሜራ ከመቀየራችሁ በፊት

ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ካሜራ ስትጠይቁ ሻጩ ቀድሞ የሚጠራላችሁ ሜጋፒክስል ነው። ለአኳሪየም ኮራል (በመስታወት የውሃ ገንዳ ለሚያድግ የባህር እንስሳ) ግን ሜጋፒክስል የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ፎቶው ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመብራቱ፣ የመስታወቱ ወይም የሌንሱ ነው። ምልክቱን አይታችሁ ግዙ።

ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆነ

በዓይን አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራው ኮራል ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ይለብሳል። ምክንያቱ የገንዳው ኤልኢዲ ነው። አብዛኛው ብርሃኑ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ነው። ብዙ ኮራሎች ይህን ሰማያዊ ውጠው አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርገው ይመልሱታል። ዓይናችን ይለምደዋል፤ የካሜራው አውቶ ዋይት ባላንስ (ቀለሙን በራሱ የሚያመዛዝነው) ግን እጅ ይሰጣል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ይበልጥ ሰማያዊ ነው። ብዙ ካሜራ 10,000 ኬልቪን ላይ ይቆማል፣ የኮራል መብራት ደግሞ ከ14,000 እስከ 20,000 እየተባለ ይሸጣል።

መፍትሄው ርካሽ ነው፦ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ፊልተር ሌንሱ ፊት አድርጉ። ለስልክም በክሊፕ የሚያዝ አለ። የቀረውን በሮው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንስታችሁ ኋላ አስተካክሉት። መብራቱ ነጭ ቻናል (ለብቻው የሚስተካከል ነጭ ብርሃን) ካለው ደግሞ ለፎቶው ሰዓት ነጩን ከፍ አድርጉ፤ እሱ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ብዥ አለ

ሌንሱን አጋድማችሁ ይሆናል። መስታወቱና ውሃው የብርሃኑን አቅጣጫ ስለሚያስቀይሩት በሰያፍ የተነሳ ፎቶ ጥራቱን ያጣል። የሌንሱን ፊት ከመስታወቱ ጋር ትይዩ አድርጉ። የኮራሉ ጫፎች ብቻ ብዥ ካሉ ግን ውሃው እያወዛወዛቸው ነው። ውሃውን የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ አጥፉና ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/125 ሰከንድ ወይም ከዚያ ፈጣን አድርጉ። በድሬ ሙቀት ፓምፑን አጥፍቶ ቡና ማፍላት ግን የለም፤ ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው።

ስጠጋው ፎከስ እምቢ አለ

ሌንስ ሁሉ ከዚህ ወዲያ አልጠጋም የሚልበት ርቀት አለው። ለተለመደው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ35 እስከ 45 ሳንቲሜትር ነው። በጣም ቀርቦ የሚያነሳው ማክሮ ሌንስ ውድ ነው። እኔ የምመርጠው ኤክስቴንሽን ቲዩብ ነው፤ በሌንሱና በካሜራው መሃል የሚገባ፣ ውስጡ ባዶ ቀለበት። በጣም ርካሹ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች የሉትም፣ ስለዚህ አውቶፎከስ አይሠራም። ዙሪያውን እዩ፤ ወርቃማ ነጥቦች ካሉት ውሰዱ።

የኒኮን ዲ3200 ካሜራ ያላቸው ደግሞ ይጠንቀቁ። ቦዲው (ሌንሱ ሲነሳ የሚቀረው የካሜራ አካል) ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፤ የድሮው ባለ ዲ ምልክት 50 ሚሊሜትር በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግም። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ይግዙ።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ ተመልከቱት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። አቦ ይቅርባችሁ።

ጥቁር መስመሮች ተጋደሙ

የደበዘዘ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ በፍጥነት ብልጭ ድርግም እያለ ነው የሚደበዝዘው። መብራቱን 100 ፐርሰንት አድርጉት። ካልሆነ ትራይፖድ ላይ ሆናችሁ ሹተሩን ወደ 1/50 አውርዱ።

መስታወቱ ላይ የራሴን ፊት አየሁ

የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ ጥቁር ልብስ ልበሱ። በቃ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ከመሰለ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) በዝቷል፣ የቦዲውም አቅም አልበቃም። ያገለገለ ቦዲ ፈልጉ፤ ሻጩ ፊት በኤፍ/16 (የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ) የድሬን ሰማይ አንሱና ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ስላለ ዋጋ አስቀንሱ። ቻርጀሩንም እንዳትረሱ።