ለትንሽ ትራክተር ጋቢና ማሞቂያ ከሞተሩ ውሃ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ውርጭ ሲወርድ፣ ባና የደረበ ሹፌርም እግሩ ደንዝዞ ፍሬን በቅጡ አይረግጥም። ጋቢና ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት ወይም የጭስ ማውጫን በውስጡ ማሳለፍ ግን በፍጹም አይሞከር፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል። አስተማማኙ ሙቀት ሞተሩ ያሞቀው ውሃ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ወይም የውሃ ፓምፕ የሌለው ሞተር ላይ ይህ አይሠራም።

በመጀመሪያ ተርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን መንገድ የሚዘጋውን ክፍል፣ ይፈትሹ። ወልቆ ከተጣለ ውሃው ጠዋቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ይቀራል፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ለሞተሩ የተሠራውን፣ ብዙውን ጊዜ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈተውን፣ ይመልሱ። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክም ደህና ይሁን፦ በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ግፊት ያልያዘ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ከፈረሰ መኪና የማሞቂያ ራዲያተሩን ከነ12 ቮልት ማራገቢያው ይግዙ። አንዱን አፍ ደፍነው ውሃ ውስጥ ይንከሩና በጎማ መንፊያ እስከ 15 ፒኤስአይ (በመንፊያው ላይ የሚነበብ የግፊት መለኪያ) ይንፉ፤ አረፋ ካወጣ አይውሰዱት። ሙቀት የሚችል 16 ሚሊሜትር የጎማ ቱቦ፣ ማጥበቂያዎች፣ አንድ ሩቢኔት፣ ሪሌ (የማራገቢያውን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ)፣ 15 አምፔር ፊውዝና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይጨምሩ።

ዋናው ጥበብ ውሃው የሚወሰድበትና የሚመለስበት ቦታ ነው። ሙቁን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ፣ ከተርሞስታቱ በፊት ካለው ባለ ጥርስ ቀዳዳ ይውሰዱ፤ መላሹን ፓምፑ ከሚስብበት ከታችኛው የራዲያተር ቱቦ ጋር ያገናኙ። ሁለቱም ከአንድ ቱቦ ከተቀጠሉ የግፊት ልዩነት ስለሌለ ውሃው አይዞርም። ሩቢኔቱ በሙቁ መስመር ላይ ይግባ።

ማሞቂያውን ከወለሉ አጠገብ፣ ከራዲያተሩ ክዳን ዝቅ አድርገው ይግጠሙ፤ ከክዳኑ ከፍ ካለ አየር ይይዛል፣ እግርም አያሞቅም። ላሜራው ቱቦውን እንዳይቆርጠው ቀዳዳው ዙሪያ ላስቲክ ይደረግ። ቱቦው ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ይራቅ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። የገብስ ገለባ የማሞቂያውን ክንፎች እንዳይደፍን አየር መሳቢያው ላይ ወንፊት ሽቦ ያድርጉ።

አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ) እና ንጹህ ውሃ እኩል ቀላቅለው ሩቢኔቱን ከፍተው ይሙሉ። ይህ ይታለፋል እንዳይባል፦ ራዲያተሩ ማታ ቢራገፍም በማሞቂያው ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያፈነዳዋል። አንቲፍሪዝ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ከልጆችና ከውሻ ይራቅ። የማሞቂያውን የላይኛውን ቱቦ ላላ አድርገው አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ይጠብቁና ያጥብቁ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው የጎደለውን፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ ይሙሉ።

ዲዝል ሞተር ሥራ ሳይጫንበት በዝግታ ሲሠራ ብዙ አይሞቅም። ጠዋት የራዲያተሩን ግማሽ በካርቶን መሸፈን ይረዳል፤ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ማለፍ ሲጀምር ካርቶኑ ወዲያው ይነሳ።