የሸሚዝ ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ በላውንደሪ ማሽን እንዴት ስታርች ይደረጋል

ከላውንደሪ የወጣ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታው ቀጥ ብሎ ሲቆም ብዙ ሰው "ስታርቹ በዝቶለት ነው" ይላል፤ ስታርች ከበቆሎ ወይም ከሩዝ የሚወጣ፣ በውሃ ተበጥብጦ ልብስ የሚያጠነክር ዱቄት ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ እንደ ሌላው የሸሚዙ ክፍል ነጠላ ጨርቅ ብቻ አይደሉም፤ ከላይና ከታች ጨርቅ፣ በመሃል ደግሞ ማጠንከሪያ ጨርቅ አላቸው። ስታርቹ እስከ መሃሉ ዘልቆ ሦስቱን እንደ አንድ ካላያያዛቸው፣ ላይ ላዩን የቱንም ያህል ቢቀባ ትርፉ ጉዳት ነው፦ ካውያ ላይ ይለጠፋል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ጥቁር ኮት ላይ ነጭ ብናኝ ያረግፋል። ለዚህ ሥራ የተሠሩ ማሽኖች ሁሉ የሚያደርጉት ሁለት ነገር ነው፤ ስታርቹን ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ከላይ የተረፈውን ይጠርጋሉ። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ የሚያገለግለው ይህንኑ ነው።

ሥራው የራሱን ማሽን ያገኘው ኮሌታ ከሸሚዝ ተነጥሎ ይታጠብ በነበረበት ዘመን ነው። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ ሃና ሎርድ ሞንታጉ እ.ኤ.አ. በ1827 የባሏን ሸሚዝ ኮሌታ ቆርጣ ለብቻው ማጠብ እንደጀመረች ይነገራል። ከተማዋም ኋላ ላይ "የኮሌታ ከተማ" ተባለች። በላውንደሪዎቿ ከፈላ ስታርችና ከጋለ ካውያ ጋር ሲታገሉ የሚውሉት ሴቶች ነበሩ፤ በኬት ሙላኒ የሚመራው የኮሌታ አጣቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1864 ሥራ አቁሞ የደመወዝ ጭማሪ አግኝቷል። ተነቃይ ኮሌታ ዛሬ ብርቅ ነው፤ እንደ እንግሊዝ ጠበቆች የችሎት ልብስ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ቀርቷል። ኮሌታን በሁለት ተሽከርካሪ ሮለሮች መካከል የሚያሳልፈው የሮለር ማሽን አሠራር ግን ዛሬም ቢሆን ኮሌታ የሚነካ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ስታርቹን ማብሰል

ከሚበላሸው ሥራ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

ለ10 ሊትር ጠንካራ ስታርች 500 ግራም የበቆሎ ስታርች ያስፈልጋል፤ በሊትር 50 ግራም ማለት ነው። መካከለኛ ጥንካሬ ከተፈለገ በሊትር 30 ግራም ይበቃል። ለላውንደሪ ተብሎ የሚዘጋጀው ስታርች ሲበስል ከምግቡ ስታርች ቀጠን ስለሚል ጨርቅ ውስጥ የተሻለ ይሰርጋል፤ ከተገኘ እሱን ይምረጡ።

ዱቄቱን በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ እስኪለሰልስ ይበጥብጡት። ሙቅ ውሃ ላይ ደረቅ ዱቄት መበተን አይሆንም፤ የጓሉ ውጪ ወዲያው በስሎ ውስጡን ጥሬ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ያ ጓል ከዚያ በኋላ ለሰዓት ቢፈላም አይፈታም። ሌላውን 8 ሊትር ውሃ ያሙቁና ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሱ ሳያቋርጡ ያማስሉ። የበቆሎ ስታርች ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እንደ ሙቅ ይወፍራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ "በስሏል" ብሎ እሳቱን ያጠፋል። ገና ነው። ፍሬዎቹ አብጠው እንጂ ፈንድተው አላለቁም። ከ90 ዲግሪ በላይ አድርሰው 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ በደንብ የበሰለ ስታርች ወተትነቱ ይጠፋና ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፣ ማንኪያ ላይም ለስላሳ ሽፋን ይተዋል። ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ በምትለው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክፍት ድስት ላይ ከዚያ በላይ ሙቀት ስለማይገኝ ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ ማራዘም ይሻላል።

ማብሰያው እንፋሎት በቀጥታ የሚነፋበት ዓይነት ከሆነ አንድ ስሌት አይርሱ። 10 ሊትር ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ ከ1 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከእንፋሎቱ ተቀይሮ ይገባል፤ ስታርቹ ሳይታሰብ ከ10 በመቶ በላይ ቀጠነ ማለት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ውሃ 1 ሊትር ይቀንሱ። የቦይለር ኬሚካልም ከእንፋሎቱ ጋር ተጎትቶ ከመጣ ነጭ ኮሌታን ስለሚያበላሽ እንፋሎቱ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት።

መብሰሉ ሲያልቅ 20 ግራም ነጭ ሰም ይቅለጥበት። ሰሙ ኮሌታው ትኩስ ብረት ላይ እንዳይለጠፍ ያደርጋል፤ የሚያብረቀርቅ ገጽም ይሰጣል። ከዚህ ከበለጠ ግን ኮሌታው ቅባት ይመስላል፣ ላብም ቶሎ ያጠፋዋል። ቦራክስ የሚባለውን ነጭ የማዕድን ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ እስከ 25 ግራም ድረስ ለጥንካሬና ለማብረቅረቅ ይረዳል፣ ነገር ግን ዱቄቱን መተንፈስም በባዶ እጅ መንካትም አይገባም።

ከዚያ በጥቅጥቅ ወንፊት ወይም በሻሽ ያጥልሉት። ማታ የተረፈውን ለነገ አያስቀምጡ። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ መልሰው ቢያሞቁትም ወደ ቀድሞ ቅጥነቱ አይመለስም፤ ሲያድር ደግሞ ይኮመጥጣል፣ ያ ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል።

ሳይበስል የሚሠራበት መንገድም አለ። የሩዝ ስታርች ፍሬ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከ3 እስከ 8 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ)፣ የበቆሎው ደግሞ 15 አካባቢ። በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ጥሬውን ክሩ መካከል ይገባና የካውያው ሙቀት እዚያው ያበስለዋል። ጠንካራ ኮሌታ ይሰጣል፤ ብጥብጡ ግን ታች ስለሚዘቅጥ ማማሰል ከተቋረጠ አንዱ ኮሌታ እንደ ካርቶን፣ ሌላው እንደ መሐረብ ሆኖ ይወጣል።

ተነቃይ ኮሌታን በሮለር ማሽን

ማሽኑ ስታርች የሚይዝ ጋን፣ ጋኑን የሚያሞቅ የእንፋሎት ሽፋን፣ ከታች ስታርቹ ውስጥ የሚነከር ሮለር፣ ከላይ ጎማ የለበሰና በስፕሪንግ የሚጫን ሮለር፣ ከመውጫው ላይ ደግሞ ትርፉን የሚጠርግ ጠራጊ አለው። ጋኑን 60 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩት። ከቀዘቀዘ ስታርቹ ይወፍርና ጨርቁ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ይቀራል።

ኮሌታው ሲገባ በደንብ የተጨመቀ መሆን አለበት። የራሱን ክብደት ግማሽ ውሃ ይዞ ከገባ ያ ውሃ ስታርቹን ያቀጥነዋል፣ ቦታውንም ይይዝበታል። ከዚያ በርዝመቱ፣ ጫፉን አስቀድመው ያስገቡት። በጎን ከገባ በድርቦቹ መካከል ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ በርዝመቱ ሲሄድ ግን ሮለሩ አየሩን ከፊቱ እየገፋ በሌላኛው ጫፍ ያስወጣዋል። ሁለት ጊዜ ያሳልፉት፤ መጀመሪያ በቀላል ጫና እንዲጠጣ፣ ገልብጠው ደግሞ በከባድ ጫና እንዲገባና ትርፉ እንዲወጣ።

ጫናው ልክ መሆኑን የሚነግርዎት ሚዛን ነው። ደረቅ ሳለ 20 ግራም የነበረ ኮሌታ ከሮለር ሲወጣ ወደ 40 ግራም ቢመዝን 20 ግራም ስታርች ወስዷል፤ በሊትር 50 ግራም ከሆነ ጨርቁ ውስጥ የቀረው ደረቅ ስታርች 1 ግራም ገደማ ነው። (ሲገባ የያዘው ውሃ እዚህ ስሌት ውስጥ ስለሚደባለቅ ለሙከራው ደረቅ ኮሌታ ይጠቀሙ።) ከ50 በላይ ከመዘነ ጫናው ላልቷል ወይም ጠራጊው አልቋል። ግራና ቀኙ ከተለያየ ደግሞ የአንዱ ወገን ስፕሪንግ ደክሟል፤ ዊንጩን ከማጥበቅዎ በፊት ኩሽኔታውንም ይመልከቱ።

ከሮለሩ የወጣው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ማድረቂያ ሳጥን ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ከዚያ እኩል እንዲርስ ውሃ ይርከፈከፍበትና እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለጥቂት ሰዓት ይቀመጣል፤ የሚተኮሰው ከዚህ በኋላ ነው። ደርቆ መልሶ መራሱ የጊዜ ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን መድረቁ ድርቦቹን ያያይዛል፣ መራሱ ደግሞ እርጥበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ያደርጋል። በመጨረሻ የመታጠፊያው መስመር ብቻ በውሃ ይነካና ይታጠፋል። ደረቁን ያጠፈ ሰው መስመሩ ላይ ስንጥቅ ያገኛል።

ሮለሩ ጣት ይወስዳል። ማሽኑ እየዞረ የተጠማዘዘ ኮሌታ በጣት ማቃናት ፈጽሞ አይሞከር፤ ሲጸዳም ማብሪያው ጠፍቶ ሶኬቱ ይነቀል። መብራት ከሄደ የላይኛውን ሮለር ያንሱ፣ ጋኑንም ሳይረጋ ይድፉት። ተጭኖ የቆመ ጎማ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ጫናው ይጎድላል።

ኮሌታው የተሰፋ ከሆነ

ዛሬ በሆቴልና በከተማ ላውንደሪ የሚመጣው ሸሚዝ እንዲህ ያለው ነው፤ ስታርቹም የሚገባው እዚያው ማጠቢያው ማሽን ውስጥ፣ ከመጨረሻው ማለቅለቅ በኋላ ነው። ማለቅለቁ ንጹሕ ይሁን። ሳሙና ወይም በረኪና የቀረበት ጨርቅ ፕሬሱ (በትኩስ ብረት ተጭኖ የሚተኩሰው ማሽን) ሲነካው ቢጫ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሚለጠፈው በስታርቹ ላይ ነው።

20 ኪሎ ሸሚዝ ስታርች ለማድረግ ውሃውን ዝቅ አድርገው 60 ሊትር ያህል ይተዉ፣ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ይሁን። ለመካከለኛ ጥንካሬ በኪሎ 40 ግራም፣ በድምሩ 800 ግራም ስታርች ቀድሞ በስሎና ተጠልሎ ይግባ፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይዙር። ከዚያ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻ በመጠነኛ ፍጥነት ይጨመቅ። ረዥም መጭመቅ የገባውን ስታርች መልሶ ያወጣል፣ የተጨማደደውንም ያጸናዋል። ከዚህ በኋላ ሸሚዙ ማድረቂያ አይገባም፤ እርጥቡን ቀጥታ ወደ ፕሬስ ይሄዳል።

አሁን ስሌቱን ይመልከቱት። 800 ግራም በ60 ሊትር ማለት በሊትር 13 ግራም ገደማ ነው፤ ለኮሌታ ከሚፈለገው 50 ግራም ሩብ ያህል ብቻ። "ሸሚዙ ጠንክሯል፣ ኮሌታው ግን ልፍስፍስ ነው" የሚለው የደንበኛ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው የማሽኑን መጠን ማብዛት አይደለም፤ ያ ጀርባውን ያደርቀዋል፣ ለባሹንም ያሳክከዋል። ኮሌታውንና የእጅጌ ጫፎቹን ብቻ በወፍራሙ ስታርች ነክረው፣ በእጅ አሽተው፣ በትንሽ የጎማ ሮለር ይጭመቋቸው። አዝራሩ ከሮለሩ ውጭ ይሁን፤ አለዚያ ይሰበራል።

ፖሊስተር የበዛበት ሸሚዝ ላይ ይህ ሁሉ ብዙ አይሠራም። ክሩ ውሃ ስለማይጠጣ ስታርቹ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ለሰው ሠራሽ ክር የተዘጋጀ ማጠንከሪያ መጠቀም ይሻላል። የውስጡ ጨርቅ በሙጫ የተለጠፈ ኮሌታም እንዲሁ ነው፤ ሙጫው ስታርቹን አያሳልፍም።

ፕሬሱ ላይ

የኮሌታና የእጅጌ ፕሬስ ከ6 እስከ 7 ባር ግፊት ያለው እንፋሎት ይፈልጋል፤ የብረቱ ሙቀት 160 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የኮሌታውን ሁለት ጫፎች ይዘው ወደ ውጭ ሳብ ያድርጉ፤ የተረፈ ጨርቅ ካለ ከጫፍ ወደ መሃል ይግፉት፣ አንገት ኋላ ላይ አይታይም። እንዲያብረቀርቅ የሚፈለገው ገጽ ወደ ትኩሱ ብረት ይዙር። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃል። ሲከፈት ገና የሚተን ከሆነ አልደረቀም፤ እርጥብ የወጣ ኮሌታ መስቀያ ላይ ሳለ ይለሰልሳል።

ፕሬሱ የሚዘጋው ሁለት ቁልፍ በሁለት እጅ ሲጫኑ ነው። ለፍጥነት ሲባል አንዱን በማስቲሽ አጣብቆ መሥራት እጅን በ160 ዲግሪ ብረት መሃል መተው ነው። እንዲህ የተደረገ ማሽን ላይ ማንም አይሥራ።

ኮሌታ ብረቱ ላይ ቢለጠፍ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሙቀቱ ነው። የቀዘቀዘ ውሃን የሚያስወጣው ስቲም ትራፕ ከተዘጋ ብረቱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ አንዱ ጥግ ይቀዘቅዛል፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የትም የሚለጠፍ ከሆነ ግን ስታርቹ ላይ ላዩን ቀርቷል ወይም አልበሰለም። ብረቱ ላይ የተጋገረውን በብረት አይፋቁ፤ ሲበርድ በሞቀ ውሃ አርሰው በእንጨት ያንሱት፣ ከዚያ ሲሞቅ ሰም በያዘ ጨርቅ ይጥረጉት።

ውሃ እንደቋጠረ ቁስል የሚያብጥ ኮሌታ አየር ውስጡ ቀርቶበታል፤ ሮለሩ ላይ በጎን ገብቷል ወይም ስታርቹ ቀዝቅዟል። እብጠቱ የሙጫ ኮሌታ ላይ ከሆነ ሙጫው ለቋል ማለት ነው፣ ስታርች አያድነውም። ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ ካለ ወንፊቱ ተቀዷል ወይም ዱቄቱ ጓጉሏል። ጠንካራ የነበረ ስታርች ቀን ሙሉ ሲፈላና በፓምፕ ሲዞር ውሎ ከሰዓት በኋላ ከደከመ፣ ከመጠን በላይ በስሏል፤ ከአንድ ትልቅ ጋን ይልቅ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ትናንሽ ማብሰል ይሻላል። ስታርች የተደረገ ልብስ እርጥበት ባለበት ዕቃ ቤት ሲቀመጥ ይሻግታል፣ አይጥና ነፍሳትም ይጠራል፤ ለረዥም ጊዜ የሚቀመጥ ሸሚዝ ስታርቹ ታጥቦለት ይቀመጥ።