በሰሜን ጫፍ ያሉ ሁለት መንደሮች በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ? አሰላሉ እንዲህ ነው

ሪዞሉትና ግሪስ ፊዮርድ በካናዳ ኑናቩት ግዛት፣ ከአርክቲክ ክበብም ወዲያ ያሉ ትንንሽ የኢኑይት (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) መንደሮች ናቸው። የሚገኙት በተለያዩ ደሴቶች ላይ ስለሆነ የመኪና መንገድ የለም። የአየር ርቀታቸውን ግን በካልኩሌተር ብቻ ማውጣት ይቻላል።

መጀመሪያ ኬክሮስና ኬንትሮሳቸውን ፈልጉ። ሪዞሉት 74.70 ሰሜን፣ 94.83 ምዕራብ ነው። ግሪስ ፊዮርድ ደግሞ 76.42 ሰሜን፣ 82.90 ምዕራብ። ቁጥሩ በዲግሪና በደቂቃ ከተጻፈ ደቂቃውን ለ60 አካፍሉ። 76 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ ማለት 76.42 ነው እንጂ 76.25 አይደለም።

ከዚያ አቀናንሱ። የኬክሮሱ ልዩነት 1.72 ነው፤ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ111 ሲባዛ 191 ኪሎ ሜትር። ይሄ ቀላሉ ነው።

ጉዱ ያለው ኬንትሮሱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እሱንም በ111 ብናባዛው ብዙም አንሳሳትም። ሰሜን ላይ ግን ይህ ልማድ ጉድ ይሠራል። የኬንትሮስ መስመሮች እንደ ብርቱካን ክፋይ ጫፉ ላይ ይገናኛሉ፤ ወደ ዋልታው በተጠጋን ቁጥር እየጠበቡ ይሄዳሉ። በእነዚህ መንደሮች አካባቢ አንዱ ዲግሪ 28 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የ11.93 ዲግሪውን ልዩነት ዝም ብሎ በ111 ያባዛ ሰው 1,324 ኪሎ ሜትር ያገኛል። ትክክለኛው 330 ነው!

ማስተካከያው ኮሳይን ነው። የሁለቱ ኬክሮሶች አማካይ 75.56፣ ኮሳይኑ 0.249። 11.93ን በ111፣ ከዚያ በ0.249 አባዙ። ካልኩሌተሩ በራዲያን (ከዲግሪ ሌላ በሆነው የማዕዘን መለኪያ) ከተቀመጠ ግን 0.987 ይላችኋል፤ ቁጥሩ ደህና ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ አስቀድማችሁ የ60ን ኮሳይን ጠይቁት። 0.5 ካላለ ወደ ዲግሪ ቀይሩት።

የቀረው የፓይታጎረስ ነገር ነው፦ 330 እና 191 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ይደመሩ፣ ካሬ ሥሩ ይውጣ። 381 ኪሎ ሜትር። በአብራሪዎች ኖቲካል ማይል ከፈለጋችሁ ለ1.852 አካፍሉ፤ 206 ገደማ ይሆናል።

ይህ ዘዴ ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው። ለረጅሙ የጎግል ኧርዝን ማስመሪያ ተጠቀሙ፤ እኔ ሁልጊዜም ውጤቴን በእሱ አመሳክራለሁ። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የመርኬተር ካርታ ላይ ግን ማስመሪያ አታሳርፉ። እዚያ ኬክሮስ ላይ ርቀትን አራት እጥፍ ይለጥጠዋል።

ለጉዞ የምታሰሉ ከሆነ ደግሞ አውሮፕላኑ የት የት እንደሚያርፍ እዩ። ከግዛቷ ዋና ከተማ ከኢካሉይት እስከ ግሪስ ፊዮርድ ቀጥታው ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ነው። ግሪስ ፊዮርድ ያለው አጭር የጠጠር ማኮብኮቢያ ስለሆነ እንደ ትዊን ኦተር ያለ ትንሽ አውሮፕላን ነው የሚያርፍበት። በሪዞሉት በኩል ከተሄደ መንገዱ 1,950 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።