ቅንጡ መኪና በርካሽ ኢንሹራንስ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊው ወይም ሌክሰስ ይዞ ኢንሹራንስ ቢሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት?» ብሎ ነው። መጠየቁ ነውር የለውም። ነገሩ የሚበላሸው ክፍያውን ለማሳነስ ሲባል በማይነካው ቦታ ሲነካካ ነው።

ከሁሉ የከፋው የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስገባት ነው። አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት፣ የሚሰላው ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቶኛ ስለሆነ፣ 6 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን «3 ሚሊዮን በሉት» ማለት ክፍያውን በግማሽ ያወርደዋል። ካሳውም አብሮ በግማሽ ይወርዳል፤ ይህን ግን በፊርማው ቀን የሚያነሳ የለም። የፊት መብራት፣ ፓራውርቲና ኮፋኖ ተመትተው ፕሮፎርማው 800 ሺህ ብር መጣ እንበል። ባለመኪናው «እስከ 3 ሚሊዮን ገብቶልኛል፣ 800 ሺህ ምን አላት!» ብሎ ይመጣል። ካሳውን በተመዘገበው ዋጋ ልክ የሚቀንሰው የአቬሬጅ አንቀጽ ግን ለትንሹም ጉዳት ይሠራል፦ ዋስትና የገባው ለመኪናው ግማሽ ስለሆነ የሚደርሰው 400 ሺህ ነው፣ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ፣ ማለትም ባለመኪናው ራሱ የሚችለው የጉዳቱ ድርሻ፣ ይቀነሳል። ሳያውቁ እዚህ የሚገቡም አሉ፤ ዓምናና ካቻምና የተጻፈውን ዋጋ ሳይነኩ ያሳድሳሉ። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ታግዷል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተለቋል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ዋጋ ዛሬ የመለዋወጫውን እንኳ አይመልስም። እድሳት ሲደርስ የወቅቱን ገበያ አጠያይቃችሁ አስተካክሉት። ከገበያው በላይ መቆለልም አያዋጣም፤ ትርፉን አረቦን እየከፈላችሁ፣ መኪናው ቢወድም የምታገኙት የገበያውን ዋጋ ነው።

አረቦኑን ዝቅ ማድረግ ካማራችሁ ኤክሰሱ ላይ ተደራደሩ። «የመጀመሪያውን 50 ሺህ ብር ጉዳት ራሴ እችላለሁ» ስትሉ አረቦኑ ምን ያህል እንደሚወርድ ቢያንስ ሦስት ኩባንያ ጠይቁ፤ ለአንድ ዓይነት ዋጋና ለአንድ ዓይነት ሽፋን መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ አለዚያ ማወዳደሩ ከንቱ ነው። በኖ ክሌም፣ ማለትም ካሳ ባለመጠየቅ፣ የሚገኘውን ቅናሽም ለጭረት አታባክኑት። ኩባንያ ስትቀይሩ ካሳ አለመጠየቃችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞው ይዛችሁ ውጡ።

ሦስተኛ ወገን አለኝ ብሎ መተኛት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ይህ ዋስትና እናንተ ለጎዳችሁት ሰውና ንብረት ነው፣ ለራሳችሁ መኪና አንድ ብር የለውም።

በግል መኪና ስም ገብቶ ለሰርግ ማከራየት። ጥር ሲመጣ ሙሽራ ያልጫነ ነጭ መርሴዲስ ደሴ ላይ አይገኝም! ሊሞ የተባለ ሁሉ በአበባ ይሸፈናል። ፖሊሲው «ለግል አገልግሎት» ካለ፣ በኪራይ ላይ እያለ የተጋጨ መኪና ካሳው ውድቅ ይደረጋል፤ ማስረጃ ፍለጋም ሩቅ አይኬድም፣ የሰርጉ ቪዲዮ አለ። የምታከራዩ ከሆነ አስቀድማችሁ አስጽፉ፣ ልዩነቱን ክፈሉ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ዝቅ ያለ መኪና ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ድንጋይ ሊነካ ይችላል። ዘይት መፍሰስ ይጀምራል፣ የዘይቱ መብራት ይበራል። ሹፌሩ «ቁልቁለት ነው፣ እደርሳለሁ» ብሎ ይቀጥላል፣ ሞተሩ ግሪፕ ያደርጋል፣ ተጣብቆ ይቆማል። ኢንሹራንሱ የሚያውቀው የተመታውን ኮፓ ነው። ሞተሩ የነደደው መብራቱ በርቶ በመነዳቱ ስለሆነ ባለቤቱ ላይ ይቀራል። መብራቱ እንደበራ አጥፍታችሁ ቁሙ፣ ፎቶ አንሱ፣ ደውሉ። ውኃ ውስጥ ጠፍቶ የቆመ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ደግሞ ማስነሳት ማለት ፒስተኑ ውኃ እንዲጨምቅ ማድረግ ነው፣ ፒስተኑን የሚይዘው ቢኤላ ይጣመማል።

ለማንሻ፣ ማለትም የተበላሸ መኪና ለማስነሳት፣ ኢንሹራንሱ የሚከፍለውን የገንዘብ ጣሪያ አለማየት። ኤር ሰስፔንሽን ያለውን አውቶማቲክ መኪና በገመድ መጎተት አይቻልም፣ በሎቤድ (መኪና በሚጭን ዝቅተኛ ተጎታች) መጫን አለበት፤ በቂ ጋራዥ ፍለጋ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው የማንሻ ገንዘብ ሐይቅ እንኳ ላያደርስ ይችላል። ጥቂት አረቦን ጨምሮ ጣሪያውን ከፍ ማስደረግ ይቻላል።

በወሎ መንገድ ላይ ይህን አትዝለሉት፦ መደበኛው ኮምፕሬሄንሲቭ (የራስን መኪና ጭምር የሚሸፍነው ዋስትና) ጦርነትንና ሁከትን አይሸፍንም። ሽፍታን የሚመለከተው ቢኤስጂ የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን ነው፣ ለብቻው ይገዛል። የምትመላለሱበትን መንገድ ስም ጠርታችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ስፖኪዮ ስርቆትም ተለይቶ መጻፉን እዩ፤ የሌክሰስ አንድ ስፖኪዮ ዋጋው የብዙ ሰው የወር ደመወዝ ነው።

የመንጃ ፈቃድ ጊዜው አልፎ መንዳት ላይ ብዙ አልልም።

ወኪሉ «አብሽር፣ እኔ አለሁ፣ ብሩን ነገ አስገባለሁ» ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። አረቦን ያልተከፈለበት ፖሊሲ አይሠራም። ብሩን በኩባንያው ሒሳብ ራሳችሁ አስገቡ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ሽፋኑ የሚጀምርበትን ቀን፣ የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክራችሁ ከቢሮው ሳትወጡ አንብቡት።