ሬይዱ ሲታመም፦ ዲስኩን ከመንቀላችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠርግና ምርቃት የሚቀርጽ ሰው ቤት ገብታችሁ ሦስት አራት ሃርድ ዲስክ የጫነ ኮምፒውተር ብታገኙ አይግረማችሁ። ዲስኮቹ በሬይድ ተያይዘው እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ይሠራሉ። አንዱ ከሬይዱ ሲወጣ «ዲግሬድድ» (ጎደሎ ሆኗል) የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሰውም ይደነግጥና አዲስ ዲስክ ሊገዛ ይሮጣል። ኧረ ቀስ! ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የኬብል፣ የፓወር ሰፕላይ ወይም የመብራት ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የትኛው ሬይድ እንደሆነ እወቁ። ሬይድ 1 ግልባጭ ነው፤ አንዱ ዲስክ ላይ ያለው ሌላውም ላይ አለ። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞትበት ይችላል፣ ሬይድ 6 ሁለት። ሬይድ 0 ግን አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል። ፋይሉ አሁንም የሚከፈት ከሆነ የማይተካውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ወይም «ኢኒሻላይዝ (እንደ አዲስ ዲስክ) ላድርገው?» ካለ ደግሞ እምቢ በሉት።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሬይዱ ጭራሽ የለም

ዲስኮቹ አሉ፣ ሬይዱ የለም። ሰዓቱንና ቀኑን እዩ። ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ሄዶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። መብራት ሲጠፋ ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ሴቲንጉን ይረሳል፤ የሬይድ ሞዱም አብሮ ይጠፋል። ሲአር 2032 የምትባለውን ባትሪ ቀይሩ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ የሳታውን (ዲስኮቹ የሚሰኩበትን መስመር) ሞድ ወደ ሬይድ መልሱና ሴቭ አድርጉ። ዲስኮቹ ላይ ያለው መረጃ ስላልተነካ ሬይዱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ጋ «አዲስ ሬይድ ፍጠር» የሚለውን የሚጫን ሰው ነው ዳታውን የሚያጣው። የሞተችው ባትሪዋ ብቻ ነበረች።

ምልክት፦ ሁለት ዲስክ በአንድ ደቂቃ ወጣ

ሁለት ዲስክ ተማክሮ አይሞትም። የሚጋሩትን ነገር ፈልጉ። አንድ የፓወር ገመድ ለሁለት ተከፍሎ እየመገባቸው ነው? ዲስኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ አንድ ኮንትሮለር ካርድ ላይ ናቸው? ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር ወደ 2 አምፒር ይስባል። አራቱ በአንዴ ሲነሱ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ይንገዳገዳል። ጠዋት በብርድ ሲከፈት ብቻ የሚወጣ ዲስክ ካላችሁ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ለሁለት የሚከፍለውን ገመድ አውጥታችሁ በቀጥታ አገናኙና ሞክሩ፤ ካልሆነ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩ።

ምልክት፦ አንድ ዲስክ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል

አሁን የዲስኩን የራሱን የጤና መዝገብ፣ ስማርት የሚባለውን ክፈቱ። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በነፃ ያሳያችኋል። ብዙ መስመር አለው፤ አራቱን ብቻ እዩ፦ 5፣ 197፣ 198 እና 199። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታን፣ 199 ደግሞ በኬብሉ ሲተላለፍ የተሳሳተ መረጃን ይቆጥራሉ። ክሪስታል የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7 ብሎ ነው የሚጽፋቸው፤ ግራ አትጋቡ።

199 እየጨመረ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ደህና ነው፤ የሳታ ኬብሉ ነው የላላው ወይም የተበላሸው። ኮምፒውተሩን አጥፉና ኬብሉን ቀይሩ። ይህ ቁጥር ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ ዜሮ እስኪሆን አትጠብቁ። ዛሬ ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉና ከሳምንት በኋላ እዩት። ካልጨመረ ተገላገላችሁ። ከጨመረ የሁለት ዲስኮችን ኬብል አቀያይሩ፤ ጣጣው ኬብሉን ከተከተለ ኬብሉ፣ ዲስኩን ከተከተለ ዲስኩ ነው።

5፣ 197 ወይም 198 ከሳምንት ሳምንት ከጨመሩ ግን ዲስኩ መንገድ ላይ ነው። መተካት ነው።

አዲሱ ዲስክ መጠኑ እኩል ወይም በለጥ ያለ ይሁን፤ በትንሹም ቢያንስ ሬይዱ አይቀበለውም። ኤስኤምአር የሚባለውን፣ ዳታውን እንደ ቆርቆሮ ክዳን እያደራረበ የሚጽፈውን ዓይነት አትግዙ። ብዙ ዳታ በተከታታይ ሲጻፍበት ይንቀራፈፋል፣ ሬይዱም ሞተ ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። ከመንቀላችሁ በፊት የታመመውን ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ከስክሪኑ ላይ ገልብጡና ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር አመሳክሩ። «ሦስተኛው ነው» ብሎ ከላይ ቆጥሮ ጤነኛውን የነቀለ ሰው ሬይድ 5ን በእጁ ይገድላል።

ከዚያ ሪቢልድ፣ ማለትም የጠፋውን ዳታ አዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ መገንባት ይጀምራል። 4 ቴራባይት ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት እየተጻፈ እንኳን ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኛ ጋ 7 ሰዓት ሙሉ መብራት ይኖራል ብሎ መተማመን ከባድ ነው። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ጎድሎት እየጻፈ እያለ መብራት ድርግም ካለ፣ ተመልሶ አልነሳም ሊል ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ሳይኖር ሪቢልድ አትጀምሩ። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያድንም። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ተያይዞ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ አድርጉት።

ስለ አየሩ

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የአብዛኛው ሃርድ ዲስክ የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ስለሆነ ከተማዋ ውስጥ ስጋት የለም። መንዝ ጓሳ ግን ከ3,200 ያልፋል። የዲስኩ ሄድ፣ ማለትም የማንበቢያው ጫፍ፣ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያነበው፤ አየሩ ሲሳሳ ዳታው ወደተጻፈበት የሚሽከረከር ሳህን ይጠጋል። እዚያ ላላችሁ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ይሻላል። ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ጣጣው ሙቀት ነው፤ ዲስኩ 50 ዲግሪ ካለፈ ፊት ለፊቱ ፋን ግጠሙ። በውርጭ ሰሞን ከውጭ ያስገባችሁትን ዲስክ ወዲያው አትሰኩ። ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ጤዛ ይቋጥራልና ለሰዓታት ይረፍ።

ምልክት፦ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ

አጥፉት። ደጋግሞ መክፈት ሳህኑን ያስቧጭራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተቱት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ከፍቶ ማየትም እንደዚያው ነው፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃዋለች። ዳታው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ የዲስክ ዳታ ማውጣት ሥራዬ ብሎ ለያዘ ባለሙያ ስጡ። ሌሎቹንም ዲስኮች የቱ የትኛው ፖርት ላይ እንደነበረ ቁጥር ጽፋችሁባቸው አብራችሁ ውሰዱ።