የፋብሪካን ፍሳሽ አክሞ መልሶ ለመጠቀም ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ያደገ ሰው አንድን ባልዲ ውሃ ሦስት ጊዜ መጠቀምን የሚማረው ከእናቱ ነው። የልብሱ የመጨረሻ እጣቢ ይቀመጥና ወለል ይወለወልበታል፤ ወለል የተወለወለበት ደግሞ ሽንት ቤት ይደፋል። አረፋና እድፍ የጠገበው የመጀመሪያው ውሃ ግን ከመጨረሻው እጣቢ ጋር አይደባለቅም፤ ከተደባለቀማ ሁለቱም ለምንም አይሆኑም። ኢንዱስትሪ በዓለም ላይ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከጉድጓድ ከሚቀዳው ንጹሕ ውሃ 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ፍሳሹን አክሞ መልሶ የሚጠቀም ፋብሪካ ከዚህ የሚቀንሰው እያንዳንዱ ሊትር ለከተማው ቧንቧና ለገበሬው ማሳ ይቀራል። በፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የዚያች ባልዲ ሥርዓት ከፋብሪካው በር ውጭ በመቅረቱ የመጡ ናቸው።

ሁሉንም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ማውጣት። በኋላ ለማረም ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚጠይቀው ስህተት ይህ ነው፤ ወለሉ ከፈሰሰና ቱቦው ከተቀበረ በኋላ የሚታወቅ ስለሆነ። ቆዳ ፋብሪካን እንውሰድ። ፀጉር የሚራገፍበት ክፍል የሚያወጣው ፍሳሽ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት ሲሆን፣ ቆዳው በክሮም የሚለፋበት ክፍል የሚያወጣው ግን አሲድነት አለው። ሁለቱ በአንድ ጉድጓድ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በጥቂቱ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ኃይልን ራሱን ስለሚያደነዝዝ፣ ክዳኑን ከፍቶ የሚወርደው ሠራተኛ ሽታው የጠፋለት እየመሰለው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ክሮሙም ቢሆን ለብቻው ተይዞ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ እንደ ሶዳና ኖራ ያለ ነው) ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ቢደረግ ይዘቅጣል፤ የዘቀጠውም በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ከሌላው ጋር ከተደባለቀ ግን ዝቃጩን በሙሉ በክለቱ ለማዳበሪያነት እንዳይበጅ ያደርገዋል።

በቢራ ፋብሪካም ነገሩ ያው ነው። የጠርሙስ ማጠቢያው የመጨረሻ እጣቢ ለሣጥን ማጠቢያ ወይም ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ እጥበት የሚበቃ ንጽሕና ሲኖረው፣ የእርሾውና የብቅሉ ትራፊ ግን ወደ ቦይ ከገባ የማጣሪያውን ሸክም ያበዛዋል። ጠላ ጠማቂ አተላዋን ለከብት ትሰጣለች እንጂ ቦይ ውስጥ አትደፋም። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማውን ፍሳሽ ለመጠጥ እስኪበቃ ድረስ እያጣራች የምትጠቀመው፣ የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ከመኖሪያ ቤቶቹ ለይታ በማስወጣት ነው።

ፍሳሹን በንጹሕ ውሃ ማቅጠን። የፍሳሽ ደረጃ የሚለካው በሊትር ስንት ሚሊግራም እያለ ስለሆነ፣ የጉድጓድ ውሃ ቢጨመርበት ቁጥሩ ይወርዳል፤ የቆሻሻው ክብደት ግን በግራም እንኳ አይቀንስም። ውሃ የምታገኝበት የአንገረብ ግድብ ከዓመት ዓመት በደለል እየተሞላ ባለባት በጎንደር ንጹሕ ውሃን ለዚህ ማዋል በሁለት በኩል ኪሳራ ነው። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከጥንት የሚሞላበት ቀሃ፣ ሽንታና አንገረብ የተባሉት ወንዞችም ውሃቸውን ለመገጭ ወንዝ ይሰጣሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣናን ይቀላቀላል። በቀጠነ ፍሳሽ ውስጥ የሄደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሐይቁ ሲደርስ ለእምቦጭ ቀለብ ይሆናል።

በአንድ ናሙና ማጣሪያ መንደፍ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ የንድፉ መነሻ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በአንድ የሃይላንድ ላስቲክ የተቀዳ ናሙና ነበር፤ ፒኤቹም 7 ያህል። እኔ በዚያው ቦይ ዳር ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ በየግማሽ ሰዓቱ ስለካ፣ ከቀትር በኋላ ማብሰያዎቹና ቱቦዎቹ በኮስቲክ ሶዳ ሲታጠቡ ቁጥሩ ወደ 11 ወጣ። ልኬቱ በአንድ ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር የሶዳው ኃይል አሥር እጥፍ ስለሚያድግ፣ ከ7 እስከ 11 ያለው ርቀት አሥር ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ፍሳሹን በሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ላይ ይህ በድንገት ሲመጣባቸው ያልቃሉ፤ አዲስ ለማርባት ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። መፍትሔው የቀኑን ፍሳሽ የሚይዝ የማመጣጠኛ ገንዳ ነው፤ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም ይኸው ገንዳ ነው።

የጎንደርን ከፍታ መርሳት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በእኛ ከፍታ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ተሠልቶ የመጣ ብሎወር (ለባክቴሪያዎቹ አየር ወደ ፍሳሹ የሚነፋው ማሽን) እዚህ ሲተከል፣ ስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያህል ኦክስጅን አይሰጥም፤ ማጣሪያውም ያለ ምክንያት የሰነፈ ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ጄኔሬተሩ ለማምረቻው ብቻ ተገናኝቶ ብሎወሩ ከቀረ፣ አየር ፈላጊዎቹ ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ይዳከማሉ። እንደ ቢራ ፋብሪካ ያለ በኦርጋኒክ ነገር የበለጸገ ሞቅ ያለ ፍሳሽ የሚያወጣ ድርጅት፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ያለ አየር በሚሠሩ ባክቴሪያዎች ቢጀምር ይሻለዋል። እነዚህ 35 ዲግሪ አካባቢ ይስማማቸዋል፤ መብራትም ብዙ አይፈልጉም፤ በሲኦዲ መለኪያ (ቆሻሻውን ለማቃጠል በሚፈጀው ኦክስጅን መጠን በሚለካው) አንድ ኪሎግራም ቆሻሻ ባስወገዱ ቁጥር ቢበዛ 0.35 ሜትር ኪዩብ ሚቴን ስለሚሰጡ፣ ጋዙ ለቦይለሩ ማገዶ ይሆናል።

የጠራውን ውሃ ያለ ልዩነት ለሁሉም ማዋል። ለግቢ ማጠቢያ የሚበቃው ውሃ ለቦይለር አይበቃም። ባክቴሪያ በውሃ የተሟሟ ጨው አያነሣም፤ ውሃው በተዘዋወረ ቁጥር ጨው እየተከማቸ ሄዶ ቦይለሩን ድንጋይ ያስይዘዋል። ስለዚህ ከዙሩ የተወሰነውን አውጥቶ መጣል፣ ወይም ጨውን የሚይዝ ሜምብሬን (ውሃውን አሳልፎ ጨውን የሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) መግጠም ግድ ነው፤ ሜምብሬኑም በተራው ለብቻው መላ የሚፈልግ የጨው ጥራጊ ይተዋል። ሶዲየም የበዛበትን ውሃ ለመስኖ እንስጥ የሚሉም አሉ። በዋልካ መሬት ላይ ግን ሶዲየም የአፈሩን ቅንጣቶች ስለሚበታትን፣ ውሃ ወደ ታች መስረጉን ያቆምና ማሳው ላይ ይተኛል፤ ገበሬው ጉዳቱን የሚያየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ዝቃጩን ኋላ ይታሰብበታል ማለት። ማጣሪያ በትክክል ከሠራ ዝቃጭ ያወጣል፤ ዝቃጭ የማያወጣ ማጣሪያ ካየሁ እጠራጠራለሁ። በበጋ ለፀሐይ የተሰጣ ዝቃጭ በጎንደር ፈጥኖ ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ክዳን የሌለው ማድረቂያ እንደ ገንዳ ሞልቶ ያድራል፤ በጥቅምት ሊወጣ የታሰበው በአንድ ሌሊት ዶፍ ታጥቦ ወደ ቀሃ ይወርዳል። በላዩ የቆርቆሮ ጣሪያ መግጠምና የዝናቡን ውሃ በዙሪያው በሚቆፈር ቦይ ማሳለፍ ከማጣሪያው ጠቅላላ ወጪ አንፃር ትንሽ ነገር ነው፤ ንድፉ ላይ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ ግን ክረምት ሲገባ የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም።