እንጨት ከእጅ የሚነጥቅ ሳንደር፦ ችግርና መፍትሄ

ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው ሳንደር፣ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቀው ማሽን ነው የማወራው። በአንድ በኩል ብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት 150 ሚሊሜትር ዲስክ፣ በሌላው በኩል 100 በ915 ሚሊሜትር ቤልት ያለው። ጓሮ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ መክተፊያና ረከቦት የሚሠራ ሰው ይህን ማሽን ይዞ ታገኙታላችሁ። ሲያስቸግረው ደግሞ ወደ እኔ ይዞት ይመጣል።

"ሶኬቱ ተሰክቷል ወይ፣ ብሬከሩ ወርዷል ወይ" እያልኩ አላደክማችሁም። ግን ከዚህ በታች ፍቱ፣ አጥብቁ፣ አዙሩ ባልኩበት ሁሉ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን መንቀል አይደለም።

ቃሉ እንዳይምታታ፦ ቤልት የምለው እንጨቱን የሚፍቀውን ዙሪያ ገጠም ብርጭቆ ወረቀት ነው። ቺንጊያ የምለው ውስጥ ያለውን፣ ሞተሩን ከሮለሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ነው።

እንጨቱ ይዘላል፣ ከእጅ ይነጠቃል

"ጋሼ፣ ማሽኑ ይማታል" ብለው ነው የሚመጡት። ማሽኑ አይማታም።

ሶኬቱን ነቅላችሁ ጎንበስ በሉና እንጨቱ በሚያርፍበት በማሽኑ የራሱ ትንሽ ጠረጴዛና በዲስኩ መሃል ያለውን ክፍተት እዩ። እርሳስ ይገባል? ጣትስ? እንግዲያው ምክንያቱን አገኛችሁት። ዲስኩ እንጨቱን ወደ ታች ነው የሚጎትተው። ቀጭን እንጨት ስትሰጡት ጫፉን ይይዝና ወደ ክፍተቱ ይከተዋል። እንጨቱ እዚያ ይሰነቀራል፣ ይሰበራል ወይም ይበራል። እጃችሁ ደግሞ እየገፋ ነበር። የሚገፋው እንጨት በድንገት ሲጠፋ ቀጥሎ የሚያርፈው ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ነው። በደቂቃ 2850 ጊዜ የሚዞር 150 ሚሊሜትር ዲስክ ጠርዙ ላይ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ገደማ ይሮጣል። እጄን ቶሎ እሰበስባለሁ የሚል ሰው አይሰበስብም።

ክፍተቱ ከ1.5 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። ሁለት የኤቲኤም ካርድ ደርቡ፣ ልኩ ያ ነው። እኔ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ሁለት ካርዶች በፕላስተር አጣብቄ ከማሽኑ አጠገብ በምስማር ሰቅያቸዋለሁ። ጠረጴዛውን የያዙትን ቡሎኖች አላሉ፣ ካርዶቹን መሃል አስገቡ፣ ጠረጴዛውን እስኪነካቸው ድረስ ግፉት፣ አጥብቁ፣ ካርዶቹን አውጡ። ከዚያ ዲስኩን በእጃችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት። የሆነ ቦታ ላይ ጠረጴዛውን ከነካ ወይ ወረቀቱ እዚያ ጋ አብጧል፣ ወይ ዲስኩ ራሱ ጠማማ ነው። ያበጠ ወረቀት ተልጦ ይጣላል። በኮላ መልሶ መለጠፍ የሚባል ነገር የለም። የለጠፈው ሰው ወረቀቱ ተገንጥሎ ፊቱ ላይ ሲበር ነው የሚገባው።

"ባለፈው አስተካክለኸው ነበር፣ ተመልሶ ከፈተ" የሚሉኝም አሉ። እውነታቸውን ነው። ርካሾቹ ማሽኖች ይዘውት የሚመጡት ቡሎን ጥርሱ ሁለቴ ሲጠብቅ ያልቃል። ከዚያ ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠረጴዛው ትንሽ ትንሽ እያለ ይሸሻል። ቡሎኑን ፍቱና ይዛችሁ ሂዱ፣ በዚያው ልክ ጠንካራ ቡሎን ግዙ፣ ከሥሩ የሞላ ሮንዴላ (ቡሎኑ እንዳይላላ የሚይዘውን ቀለበት) አድርጉ። ማሽኑን በብዙ ሺህ ብር ገዝቶ በቡሎን የሚሰስት ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገራችሁ። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ሳለ ክፍተቱን አስተካክላችሁ ይሆናል። ወደ 45 ዲግሪ ስታዘነብሉት ግን ክፍተቱ እንደገና ይከፈታል። አንድ ልጅ የረከቦት እግር በሰያፍ እየፈቀ ነበር። አራት እግር፣ እያንዳንዳቸው ከጣት ትንሽ የሚወፍሩ የዋንዛ ቁራጮች። ሦስቱን ጨረሰ። አራተኛው ክፍተቱ ውስጥ ገባና ተሰነቀረ፣ የመሃል ጣቱን ጥፍር ከነሥሩ ወሰደው። ማሽኑን ይዞ ሲመጣ ጣቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። "ሞተሩ ኃይሉ በዝቷል፣ መቀነስ ይቻላል?" አለኝ። ጠረጴዛውን ወደ 45 አዘነበልኩና የራሱን እርሳስ ተቀብዬ ክፍተቱ ውስጥ ጣልኩት። ሳይነካ ከታች ወደቀ። ልጁ ዝም አለ።

ስለዚህ ባዘነበላችሁ ቁጥር ካርዶቹን አውርዱና እንደገና ለኩ። የአንዳንዱ ማሽን ጠረጴዛ ካዘነበለ በኋላ ወደ ዲስኩ መጠጋት አይችልም። ለዚያ ኮምፐርሳቶ ቁረጡና ከላዩ በሞርሴቶ (እንጨት ጨብጦ በሚይዘው መቆንጠጫ) እሰሩ። ጠርዙን ሰያፍ አድርጋችሁ ዲስኩ ድረስ አስጠጉት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ክፍተቱ ልክ ሆኖም እንጨቱ የሚዘል ከሆነ የቆማችሁበትን ጎን እዩ። ዲስክ ክብ ነው፤ ግማሹ ይወርዳል፣ ግማሹ ይወጣል። የሚወርደው ጎን እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫንላችኋል። የሚወጣው ጎን ከነብናኙ አንስቶ ወደ ፊታችሁ ይወረውረዋል። በብዙዎቹ ማሽኖች ፊት ለፊት ስትቆሙ የሚወርደው ግራው ነው፣ ግን ማሽኑ ላይ ያለውን የመዞሪያ ቀስት ሳታዩ አትመኑ። እኔ በማይጠፋ ማርከር ጠረጴዛው ላይ መሃል ለመሃል መስመር አስምሬ በሚወጣው በኩል "አይነካም" ብዬ ጽፌያለሁ። ሰፊ ሳንቃ ይዞ በዲስኩ ሙሉ ስፋት ላይ የሚጭን ሰው ሁለቱንም ጎን ባንዴ ይነካል። ያ ሥራ የቤልቱ ነው።

ቤልቱም ቢሆን በተጋደመበት ስትሠሩ ጫፉ ላይ ያለውን የብረት ማቆሚያ አትፍቱ። ቤልቱ እንጨቱን የሚገፋው ወደዚያ ነው። ማቆሚያው ከሌለ መክተፊያችሁ ግድግዳው ድረስ ይሄዳል። አንዱ ደንበኛዬ "ሥራ ያጠብብኛል" ብሎ ፈትቶት የራሱን የመስኮት መስታወት ሰብሯል።

ትናንሽ ቁራጮችን በጣት አትያዙ። ከጣታችሁ የሚያንስ እንጨት በሞርሴቶ ወይም በሌላ ትልቅ እንጨት ላይ ታስሮ ነው የሚፈቀው። ጓንትም አታድርጉ። ይህን ስል የሚገርማቸው አሉ፤ ጓንት ይጠብቃል ብለው ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ ቆዳን ይልጣል፣ ጓንትን ግን ይዞ እጁን ከነጓንቱ ይስባል። ቀለበት፣ የተንጠለጠለ ክር፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ሁሉም ያው ነው። እኔ ራሴ አንድ የሐምሌ ጠዋት ብርዱ አላስቆም ቢለኝ ጋቢዬን እንደደረብኩ "ይቺን አንዷን ብቻ" ብዬ አስነሳሁት። ጥለቱ በቤልቱና በሮለሩ መሃል ገባ። ጋቢው ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወረደልኝ እንጂ አንገቴ ላይ ቢጠመጠም ይህን አልጽፍም ነበር። ሮለሩ ላይ የተጠመጠመውን ጥጥ በምላጭ እየቆረጥኩ ሳወጣ ግማሽ ቀን ሄደ። ባለቤቴ ስለ ጋቢው ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ቤልቱ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ጠርዙ ይበላል

ሰው ወዲያው ማስተካከያውን ማዞሪያ ይዞ ይታገላል። ቆይ። መጀመሪያ ቤልቱን አውጡና ሮለሮቹን በጣት ዳብሱ። ብናኝና የኮላ ቅሪት ተጋግሮ ጉብታ ሠርቶ ከሆነ ቤልቱ በዚያ ምክንያት ይንሸራተታል። ባልተሳለ ነገር ፋቁት፣ በቢላ አትሞክሩ፣ ጎማውን ትቆርጡታላችሁ። ከዚያ የቤልቱን ውስጥ እዩ፣ ቀስት ካለው ቀስቱና የማሽኑ መዞሪያ አንድ አቅጣጫ ይሁኑ። ተገላቢጦሽ የገባ ቤልት መጋጠሚያው ላይ ተይዞ ይበጠሳል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ቤልቱን በእጅ እያዞራችሁ ማዞሪያውን ሩብ ዙር ብቻ ንኩ። መሃል ሲይዝላችሁ ሶኬቱን ሰክታችሁ ለቅጽበት አስነሱና አጥፉ። ወደ የት እንደሄደ እዩ፣ እንደገና ሩብ ዙር። ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

ማዞሪያው መጨረሻ ደርሶ አሁንም ከሸሸ ወይ የሮለሩ ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይ የሚወጥረው ሞላ ደክሟል፣ ወይ ቤልቱ ሲጀመር ጠማማ ተሠርቷል። የመጨረሻውን ለማወቅ የቤልቱን የግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ አዙራችሁ አስገቡት፤ አሁን ወደ ሌላው ጎን ከሸሸ ጥፋቱ የቤልቱ ነው። ይህን ሙከራ በእጅ እያዞራችሁ አድርጉ፣ በሞተር አይደለም። ርካሽ ቤልት አምስት ገዝቶ አምስቱንም ከሚጥል ደህና አንድ መግዛት ይሻላል። ክረምት ላይ ደግሞ በምስማር አትስቀሉት። እርጥበቱ ይለጥጠዋል፣ የምስማሩ ቦታ ይታጠፋል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል። በደረቅ ቦታ በወፍራም ቱቦ ላይ አንጠልጥሉት።

እንጨቱ ይጠቁራል

ወይ ወረቀቱ በሙጫ ተደፍኗል፣ ወይ ቁጥር 180 (ደቃቁን ወረቀት) ይዛችሁ የቁጥር 80 (የሻካራውን) ሥራ እየሠራችሁ ነው፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ቆማችኋል። ጽድ ሙጫው ቶሎ ይደፍናል፤ ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ይቃጠላል። የተደፈነ ወረቀት በንጹሕ ክሬፕ ጎማ ይጠራል። የአሮጌ ጫማ ክሬፕ ሶልም ይሠራል። አትጫኑ። መጫን ቢጠቅም ኖሮ ማሽን ለምን ይገዛል?

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ብቻውን ተነሳ

ይህ ብልሽት አይደለም፣ ግን ከብልሽት ይከፋል። እየሠራችሁ መብራት ይጠፋል፣ ቡና ልትጠጡ ትገባላችሁ። ማጥፊያው እንደበራ ነው። መብራቱ ሲመጣ ልጅ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ይሆናል። ወይም እናንተ ራሳችሁ "አጋጣሚው ጥሩ ነው" ብላችሁ ቤልት እየቀየራችሁ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ሶኬት መንቀል ነው። ደህና ማሽን መብራት ሲመለስ እንደገና ካልተጫነ የማያስነሳ ማብሪያ አለው። የእናንተ ከሌለው ኤሌክትሪሺያን ያስገባላችሁ።

የጭስ ሽታ አለ፣ ሞተሩ ግን አልሞቀም

የብናኝ ከረጢቱን ንኩ። ባለፈው ሳምንት ብረት ስላችሁበታል? መጥረቢያ፣ መሮ፣ ምንም? የብረት ፍንጣሪ የእንጨት ብናኝ ውስጥ ገብቶ ሳይነድ ለሰዓታት ይጤሳል፣ ሌሊት ደግሞ ይነዳል። ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ውስጥ የተረሳ ምስማርም ያው ፍንጣሪ ይሰጣል። ብረት በዚህ ማሽን አትሳሉ። የግድ ከሆነ ከረጢቱን ፍቱ፣ ውስጡን እስከ መጨረሻው አጽዱ፣ ከዚያ ሳሉ። ማታ ማታ ከረጢቱ ከቤት ውጭ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይደር።

ስለ ብናኙ ካነሳን አይቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረትና ማጣበቂያ የተጠፈጠፈ ሰሌዳ) ብናኝ ላይ ደግሞ የማጣበቂያው ፎርማልዲሃይድ ይጨመርበታል። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ኤን95 አድርጉ። በረንዳ ላይ የምትሠሩ፣ የጎረቤት ልብስ የተሰጣበትን ሰዓት እለፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ይጮኻል ግን አይዞርም፦ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሩ (ሞተሩን የሚያስነሳው ክፍል) ሞቷል። ሶኬቱ ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ ካላወቃችሁበት አትንኩት።

ቤልቱ ሲጫኑት ይቆማል፣ ሞተሩ ግን ይዞራል፦ ቺንጊያው ላልቷል ወይም አልቋል።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው፣ ሰክተውት "ፍስስ" ብሎ የቀረ፦ 110 ቮልት ነው፣ እኛ 220 ነን። በትራንስፎርመርም ቢሠራ በ60 ሄርዝ የተሠራው ሞተር በእኛ 50 ሄርዝ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃልም። ለረጅም ሥራ አይሆንም።

ረጅም ቀጭን ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ ኃይል አነሰው፦ ማሽኑን ግድግዳው ሶኬት ላይ ስኩት።

ለጥገና ይዛችሁ ስትመጡ ደግሞ እባካችሁ ጠረጴዛውንም አብራችሁ አምጡ። ብዙ ሰው "ለመሸከም አስቸገረኝ" ብሎ ፈትቶ ቤት ጥሎት ይመጣል። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንጨቱ ለምን እንደሚዘል ይጠይቀኛል።